ሜጋፒክስል ለሙሽራ ወይስ ለማኅደር?

«ጥራት» የሚለው ቃል በፎቶግራፍ ነገር ብዙ ሰው አሳስቷል። ቃሉ የመጣው «ጠራ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ደመና ሲገፈፍ ሰማይ ይጠራል፣ ደለሉ ሲሰክን ውኃ ይጠራል። በካሜራና በስልክ መሸጫ ሱቅ ግን «ጥራቱ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጠያቂው የሚሻው የጠራ ምስል ሆኖ ሳለ የሚያገኘው መልስ ቁጥር ነው፦ «መቶ ስምንት»፣ «ሁለት መቶ»። ገዥና ሻጭ በአንድ ቃል ስለ ሁለት ነገር ይነጋገራሉ ማለት ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ገጽ፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ በስንት ጥቃቅን ነጥቦች እንደ ተከፋፈለ ብቻ ነው። አንድ ሜጋፒክስል አንድ ሚሊዮን ነጥብ ነው። ሌንሱ ከቆሸሸ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ ወይም ብርሃን ካነሰ፣ ሁለት መቶ ሚሊዮኑ ነጥብ የሚመዘግበው ብዥታን ነው፤ እርግጥ ነው፣ ብዥታውን በጣም በዝርዝር ይመዘግበዋል።

በገዳሪፍ የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የሰሊጥ ጨረታ የሚካሄድበት ከተማ ነውና፣ ኩንታል ሌላ ንጽሕና ሌላ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። አፈርና ገለባ የተቀላቀለበት መቶ ኩንታል፣ በሚገባ ከተነፋ ሰማንያ ኩንታል ያነሰ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ሰሊጥን ዘግኖ በመዳፉ ላይ በትኖ፣ አሽትቶና ቀምሶ የሚገዛው ነጋዴ ግን ስልክ ሲገዛ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቦ ገንዘቡን ይቆጥራል። ለምን?

የዚህን ቁጥር ምንነት መመርመር ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ለገበያ የቀረበው የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 23 አልትራ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባለ 200 ሜጋፒክስል ነው። የእያንዳንዱ ነጥብ ስፋት 0.6 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከአንድ የራስ ጸጉር ውፍረት መቶ እጥፍ ያህል ያነሰ ነው። ብርሃን ግን ሕግ አለው። በዚያ ስልክ ሌንስ ውስጥ ያለፈ አንድ የብርሃን ነጥብ፣ ሌንሱ የቱንም ያህል ፍጹም ቢሆን፣ ሴንሰሩ ላይ ሲያርፍ 2.3 ማይክሮሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ሆኖ ነው። ስለዚህ አንዲት የብርሃን ጠብታ ወደ አራት ነጥብ ስፋት ትሸፍናለች። ነጥቦቹ ከሚያዩት በላይ ተሰንጥቀዋል ማለት ነው። ይህን አምራቹም ያውቃል፤ ስለዚህም ስልኩ በተለመደው አሠራሩ አሥራ ስድስቱን ነጥብ አንድ አድርጎ 12.5 ሜጋፒክስል ምስል ያወጣል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ እንዲያውም በደብዛዛ ብርሃን የሚጠቅም ብልሃት ነው። ማጭበርበር የሚሆነው «ሁለት መቶ» ተብሎ ለአሥራ ሁለቱ ዋጋ ሲጠየቅ ነው።

የፎቶ ቤቶችም ሂሳብ ከዚህ አይሻልም። አንድ ምስል በእጅ ተይዞ ሲታይ ጥርት ብሎ እንዲታይ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይበቃዋል። በዚህ ስሌት ለመታወቂያ የሚሆን ሦስት በአራት ሴንቲሜትር ጉርድ ፎቶ ከአንድ ሜጋፒክስል አንድ ስድስተኛውን ብቻ ይፈልጋል። አሥር በአሥራ አምስት የሆነው የአልበም ፎቶ 2.1 ሜጋፒክስል ይበቃዋል። ሃያ በሠላሳ ሲሆን 8.4፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሠላሳ በአርባ አምስት እንኳ ከ19 አይዘልም። ኒኮን በ1999 ያወጣው ዲ 1 የተባለ ካሜራ 2.7 ሜጋፒክስል ብቻ ነበረው፤ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎችም በዚያ ካሜራ እንጀራቸውን በልተውበታል። ታዲያ ለሠርግ አልበም ባለ 61 ሜጋፒክስል ካሜራ ለመግዛት ዕዳ ውስጥ የሚገባ ፎቶግራፍ አንሺ የሚገዛው ምንድን ነው? ከጎረቤቱ የሚበልጥ ቁጥር ነው። ለዚያውም ከ24 ወደ 61 መዝለል ሁለት እጥፍ ተኩል ቢመስልም፣ በርዝመትና በወርድ ሲለካ ዝርዝሩ የሚጨምረው 1.6 እጥፍ ብቻ ነው፤ ነጥቦቹ በሁለት አቅጣጫ ስለሚከፋፈሉ ዝርዝርን እጥፍ ለማድረግ ነጥብን አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ይላል። የሙሽራዋ ፊት ደግሞ፣ ኩሏ፣ ላቧና የቆዳዋ ቀዳዳ ሁሉ ተመዝግቦ ሲቀርብላት አታመሰግንም። ፎቶግራፍ አንሺውም ይህን አውቆ፣ የከፈለበትን ዝርዝር በኮምፒውተር አለስልሶ መልሶ ያጠፋዋል።

እስከዚህ ድረስ በነገሩ የሚስቁት ሰዎች እውነታቸውን ነው። «አሥራ ሁለት ይበቃል፤ የቀረው የነጋዴ ወሬ ነው» የሚሉ፣ በሙያው የቆዩ፣ ፊልም በጨለማ ክፍል አጥበው ያደጉ ናቸው፤ ንቀታቸውም መሠረት አለው። ነገር ግን ከዚህ እውነት ተነሥተው «ስለዚህ ብዙ ነጥብ ያለው ካሜራ ለማንም ለምንም አይጠቅምም» ሲሉ፣ ከነጋዴው ያላነሰ ስሕተት ይሠራሉ። ሁለቱም ወገን ካሜራን የሚያውቀው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፦ ለማስደሰት። በዚህ ድንበር ግን ፎቶግራፍ ሌላም ሥራ አለው።

የእነዚህ ሰዎች ጠንካራው ማስረጃ 1984 ነው። በዚያ ዓመት በኦክቶበር 23 ቀን በቢቢሲ የተላለፈው የኮረም ዘገባ፣ ካሜራውን መሐመድ አሚን ይዞ ማይክል በርክ የተናገረበት፣ ዓለምን አስነሣ፤ በጁላይ 1985 የተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ከዚያ ስሜት የተወለደ ነው። የዚያን ዘመን የብሪታንያ ቴሌቪዥን ምስል 625 መስመር ነበር፤ በዛሬ አነጋገር ግማሽ ሜጋፒክስል እንኳ አይሞላም፣ 0.4 ያህል ነው። ሴባስቲያኦ ሳልጋዶም በ1984 እና በ1985 የሳሕልን ረኀብና የኢትዮጵያን ስደተኞች ያነሣው በተራ 35 ሚሊሜትር ፊልም ነው። «እንግዲህ» ይላሉ፣ «የሰው ልብ የሚነካው ነጥብ ሳይሆን ዓይን ነው።» ማን ይክዳል?

ነገር ግን ያ ምስል የተነሣው ለሩቅ ሰው ነው። ዓላማው ለንደን ላይ የተቀመጠ ተመልካች «ይህ ሕዝብ ተራበ» እንዲል ነበር፤ ለዚያም በቅቷል። በምስሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ዘመዶች ግን ሌላ ጥያቄ አላቸው፦ «ከዚያ መካከል እናቴ አለችን?» እስቲ ይህ ይሰላ። እህል ለመቀበል የተሰለፈ፣ ሃምሳ ሜትር ስፋት ያለው ሕዝብ በአንድ ምስል ውስጥ ገብቷል እንበል። በዚያ ቴሌቪዥን ምስል ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 14 ነጥብ ብቻ ነው፤ የአንድ ሰው ፊት አሥራ ስድስት ሴንቲሜትር ያህል ስለሚሰፋ ሁለት ነጥብ ይደርሰዋል። በሁለት ነጥብ ማንም ሰው ማንንም አያውቅም። በ12 ሜጋፒክስል ካሜራ ፊቱ 13 ነጥብ ያገኛል፤ ሰው መሆኑ ይታያል እንጂ ማንነቱ አይለይም። ሶኒ በ2019 ባወጣው ባለ 61 ሜጋፒክስል ካሜራ 30 ነጥብ፣ ፉጂፊልም በዚያው ዓመት ባወጣው ባለ 102 ሜጋፒክስል ደግሞ 37 ነጥብ ይሆናል። የጥበቃ ካሜራ ባለሙያዎች የማይታወቅን ሰው ከፊቱ ለመለየት ለአንድ ሜትር 250 ነጥብ፣ ማለትም ለአንድ ፊት 40 ያህል ነጥብ፣ ይጠይቃሉ። የገዛ እናቱን የሚፈልግ ሰው ከዚያም ባነሰ ያውቃታል። «አሥራ ሁለት ይበቃል» የሚለው ሰው እዚህ ላይ «ለማን?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ይህ የሂሳብ ጨዋታ አይደለም። ከገዳሪፍ ከተማ ብዙ በማይርቀው በኡም ራኩባ፣ በ1984 ከጎንደር አገር በእግራቸው የወጡ ቤተ እስራኤላውያንና ሌሎች ኢትዮጵያውያን በበሽታና በረኀብ አልቀዋል። በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ በሱዳን መንገድ ለሞቱት ቤተ እስራኤላውያን መታሰቢያ ቆሟል፤ ቁጥራቸው ወደ አራት ሺህ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ ለልጅ ልጅ የሚታይ አንድ የፊት ምስል የተረፈለት ስንቱ ነው? በዚያን ጊዜ በዋድ ኮውሊም ሆነ በሌሎቹ መጠለያዎች ካሜራ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ካሜራው ሕዝብን አነሣ፤ ሰውን አላነሣም። ያው ኡም ራኩባ በ2020 ኖቬምበር እንደ ገና ተከፈተ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰው በሐምዳየትና በሉግዲ በኩል ድንበሩን ተሻገረ፤ በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ቱናይድባህ ተጨመረ። በዚህ ጊዜ በየእጁ ስልክ ነበር፣ የውጭ ዜና ሰዎችም ውድ ውድ ካሜራ ተሸክመው መጥተዋል። ያ ሁሉ ምስል የት ደረሰ? ፎቶግራፍ አንሺው አነሣ፣ ለአለቃው ላከ፣ ሄደ። ሙሉው ፋይል በናይሮቢ ወይም በፓሪስ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ የተነሣው ሰው እጅ የገባው፣ ከገባ፣ ከማኅበራዊ ገጽ ላይ የተገለበጠ ጥፍር የምታክል ቅጂ ነው። በዚህ ረገድ ስለ ሴንሰር ጥቅም መጽሔት የሚጽፉትም ሆኑ የእርዳታ ድርጅቶች የፎቶ ክፍሎች አንድ ዓይነት ናቸው፦ ስለ ማንሣት እንጂ ስለ መተው አይናገሩም።

ከዚያ በኋላ የሱዳን ጦርነት መጣ። ከአፕሪል 15 ቀን 2023 ወዲህ ከኻርቱም የሸሸ ሰው ገዳሪፍን ሞላ፤ በኻርቱም ሠላሳና አርባ ዓመት የኖሩ የኢትዮጵያ ልጆችም ከእነርሱ መካከል ነበሩ፤ ከፊሉ በገላባት አልፎ መተማ ደረሰ፣ ከፊሉ እዚሁ ቀረ። ከቤት ሲወጣ የተያዘው ምንድን ነው? ገንዘብ፣ ስልክ፣ ልብስ፣ ወረቀት። አልበም ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይቀራል። የመጣው አልበምም የመጣው በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። በዚያው በሜይ 2023 በኦምዱርማን የአህሊያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበረው የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ፤ ሊተካ የማይችል ሰነድ ዐመድ ሆነ። የትልቅ ተቋም ማኅደር እንዲህ ከሆነ፣ በድንኳን ውስጥ በፌስታል የተንጠለጠለ የክርስትና ካርድ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ጠርዙ የተበላ የአባት ፎቶ ምን ዋስትና አለው? የገዳሪፍን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዋልካው አፈር ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ይላቁጣል፤ እርጥበቱ ወረቀትን ያሻግታል፣ ከዚያ የተረፈውን ምስጥ ይበላል።

ብዙ ነጥብ ያለው ሴንሰር የተፈጠረው ለዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ዳግም ለማይገኝ ነገር። ሙሽራ ነገም ትነሣለች። እጥፋቱ ላይ የተበሳ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ግን ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው በካሜራ ፊት የሚዘረጋው። በዚያች አንድ ጊዜ ያልተመዘገበ ጭረት ለዘለዓለም የለም። በስልክ ጎንበስ ተብሎ፣ በሰያፍ፣ በአምፖል ጥላ የተነሣ ሰነድ ዛሬ የሚነበብ ይመስላል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ጽሕፈት ቤት የማኅተሙን ዙሪያ ጽሑፍ ሲጠይቅ ግን ጭጋግ ሆኖ ይገኛል። ዋናው ወረቀትም በዚያን ጊዜ የለም።

የብራና ነገር ደግሞ ከሁሉ የጠራ ምሳሌ ነው። በጃንዋሪ 1888 የመሐዲስቶች ጦር በሐምዳን አቡ ዓንጃ መሪነት ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን ሲያቃጥል፣ ከሕንጻው ጋር የጠፋውን መጽሐፍ ቈጥሮ የሚነግር የለም፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በማርች ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ድንበሩ ከዚያ ወዲህም ብዙ እሳት አይቷል፣ ከዚህም ከዚያም ወገን። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ፣ በአሜሪካ ሚኔሶታ ከሚገኘው የኮሌጅቪል ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር፣ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍትን በፊልም አትርፏል፤ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የደከሙበት ካታሎግ የዚያ ፍሬ ነው። ሥራው ታላቅ ነው። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀይ ቀለም የተጻፈው የቅዱስ ስም ከጥቁሩ ጋር ተመሳስሏል፣ የሐረጉ ቀለም ጠፍቷል፣ በኅዳግ የተጻፈችው ቀጭን ማስታወሻም አንዳንዴ አትነበብም። ከዚያ ወዲህ በአብዮትና በጦርነት ከጠፉት መጻሕፍት ለአንዳንዶቹ ያ ፊልም ብቸኛ ምስክር ሆኖ ቀርቷል። በጊዜው ይበቃል የተባለው መጠን፣ በኋላ ለሚመጣው ተመራማሪ የመጨረሻው ወሰን ሆነበት።

አሁን ስሌቱ ይታይ። ለጥንታዊ ጽሑፍ ቅጂ በማኅደር ሠራተኞች ዘንድ ጥሩ የሚባለው መጠን በአንድ ኢንች 400 ነጥብ ነው። አርባ ሴንቲሜትር ቁመትና ሠላሳ ወርድ ያለው ትልቅ የብራና መጽሐፍ ሲገለጥ ሁለቱ ገጾች አርባ በስድሳ ይሆናሉ። ይህን በ400 ነጥብ ለመያዝ የሚያስፈልገው 59.5 ሜጋፒክስል ነው። ያ ሰርገኛው የሚመካበት ባለ 61 ሜጋፒክስል ካሜራ ልክ ለዚህ ሥራ የተሰፋ ልብስ ይመስላል፤ የሴንሰሩ መልክ እንኳ ሁለት በሦስት በመሆኑ ከተገለጠው መጽሐፍ ጋር ይገጥማል። ካሜራው በትክክለኛው ቦታ ላይ ሲውል ቁጥሩ ከጉራነት ወደ ልክ ይለወጣል።

አሠራሩ ግን እንደ ወሬው ቀላል አይደለም፤ ለዚህም ነው አጥብቆ መነጋገር የሚያስፈልገው። ካሜራው በእጅ ተይዞ አይሠራም፤ ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ሆኖ፣ ገጹን ቀጥ ብሎ እያየ፣ ከሁለት ጎን እኩል ብርሃን ተሰጥቶት፣ በሰዓት ቆጣሪ መነሣት አለበት። የእጅ ንዝረት በባለ 24ቱ አንድ ነጥብ የሚያህል ብዥታ ከፈጠረ በባለ 61ዱ 1.6 ነጥብ ያህላል። በእኩል ወረቀት ሲታተም የባሰ አይሆንም፤ ነገር ግን የተከፈለበት ጥቅም ሁሉ በከንቱ ይቀራል። ሌንሱም የዚያን ያህል ብቁ መሆን አለበት፤ የሴንሰሩን ዋጋ ከፍሎ ከካርቶን ጋር በመጣ ርካሽ ሌንስ የሚሠራ ሰው፣ በላንድክሩዘር ላይ የጋሪ ጎማ የገጠመ ነው። ከዚያ ማከማቻው አለ፦ አንዱ ምስል ሳይጨመቅ 120 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። 150 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 18 ጊጋባይት ነው፤ በሁለት ቦታ ካልተቀመጠ ደግሞ እንደ ሌለ ይቆጠራል፤ ቅጂው ሁለት ሲሆን 36። ለሁለት ሺህ የሠርግ ፎቶ 240 ጊጋባይት መሙላት ግን ንጹሕ ብክነት ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህን የሚያክል ፋይል ሲገለበጥ ኃይል ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቃል።

ሙቀቱም አለ። በአፕሪልና በሜይ የገዳሪፍ ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ሴንሰር ሲሞቅ ብርሃን ሳይነካው ራሱ የሚፈጥረው የሐሰት ምልክት በየ6 ወይም 8 ዲግሪው ጭማሪ በእጥፍ ይበዛል፤ በጥቁሩ የምስል ክፍል ላይ እንደ አሸዋ የሚረጨው ጉድፍ ከዚያ ይመጣል። ሀቡብ በሚነፍስበት ሰዓት ሌንስ የሚቀይር ሰውማ የራሱን ካሜራ ቀበረ። ከሜዳው ማዶ ያለን ነገር በረጅም ሌንስ በቀትር ማንሣትም ከንቱ ነው፤ ከማሽላው ማሳ ላይ የሚነሣው ትኩስ አየር ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፣ መቶ ሜጋፒክስልም አያቆመውም። ሥራው የማለዳ ሥራ ነው።

«ይህን ሁሉ ማን ይገዛል?» ለሚል፣ መልሱ ከሚጠበቀው በላይ ቅርብ ነው፤ ሽቅርቅር ካሜራ የሚወዱትን ግን አያስደስትም። በብዙ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ አቧራ የሚጠጣው ተራ ጠፍጣፋ ስካነር፣ አንድ ኤ 4 ወረቀት በ600 ነጥብ ሲቀዳ 35 ሜጋፒክስል ምስል ይሰጣል። አሥር በአሥራ አምስት የሆነ የአባት ፎቶ በ1,200 ነጥብ ሲቀዳ 33 ሜጋፒክስል ነው። ጥላ የለውም፣ አይንቀጠቀጥም፣ ገጹ ጠፍ ብሎ ይተኛል። ለነጠላ ወረቀትና ለፎቶ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በብዙ እጥፍ ዋጋ እንኳ በቀላሉ አይገኝም። ካሜራው የሚያስፈልገው ስካነር ለማይችለው ነው፦ ለተጠረዘ መጽሐፍ፣ ለብራና፣ በግድግዳ ላይ ለተሰቀለ፣ ለተጣጠፈ ካርታ፣ ለፎቶ ኔጋቲቭ። የኔጋቲቩ ነገር ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። በአዲስ አበባ የቦያጂያን ቤተሰብ፣ በአትባራ ራሺድ ማህዲ በስቱዲዮአቸው ያነሡት ምስል ዛሬ የታሪክ ሀብት ነው፤ ስማቸው ያልታወቀ የየከተማው ፎቶ ቤቶች ኔጋቲቭ ግን በሳጥን ውስጥ ይበሰብሳል። ስድስት በስድስት ሴንቲሜትር የሆነው የድሮ የስቱዲዮ ኔጋቲቭ በአንድ ኢንች 3,000 ነጥብ ሲቀዳ 50 ሜጋፒክስል ይጠይቃል፤ ተራው 35 ሚሊሜትር ደግሞ በ4,000 ነጥብ 21 ብቻ። ለዚህኛው የማንም ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ይበቃል። ለትልቁ ብራናም ቢሆን፣ በ24ቱ ካሜራ አራት ጊዜ ከፋፍሎ አንሥቶ በኮምፒውተር መስፋት ይቻላል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ከባለ 61ዱ አያንስም።

አንድ ተቃውሞ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዘመድ የሚያውቀው ፊት ጠላትም ያውቀዋል። በዚህ ድንበር ስም፣ የትውልድ መንደርና ፊት ሰውን ያስገደሉበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በሰልፍ የቆመን ሕዝብ ፊት ለፊት በመቶ ሜጋፒክስል አንሥቶ ለዓለም መበተን የስም ዝርዝር ከመለጠፍ አይለይም። ስለዚህ ብዙ ዝርዝር የያዘ ምስል ለአደባባይ አይደለም፤ ለባለቤቱና ለቤተሰቡ ነው። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ከ2013 ጀምሮ በአውሮፓ የጠፉ ዘመዶችን ለማገናኘት የሚጠቀምበት አሠራር ይህን በቅጡ ተረድቶታል፤ የሚለጠፈው የፈላጊው ፊት ነው፣ በራሱ ፈቃድ። «ለዜና ነው» እያለ ያለ ፈቃድ የሚያነሣ ሰው ከዚህ ቢማር ይበጀዋል። አንሺው ሊያደርገው የሚገባው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መጠየቅ፤ ሙሉውን ፋይል ለተነሣው ሰው ሰጥቶ መሄድ።

ስለ መስጠት ከተነሣ፣ ብዙ የተደከመበት ምስል የሚሞትበት ቦታ ይታወቃል፤ ስልክ ላይ ነው። 61 ሜጋፒክስል ተነሥቶ በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል፣ ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው እጅግ ተቀንሶ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሜጋፒክስል ሳያልፍ ነው። እንደ ሰነድ ፋይል ሆኖ ሲላክ ግን ሳይነካ ይደርሳል። ይህቺን አንዲት ቁልፍ ያለማወቅ ያጠፋውን ያህል ዝርዝር የድሮ ካሜራ አላጠፋም። ከዚያም የሚሻለው በፍላሽ ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት።

ካሜራው የተገዛ እንደ ሆነም፣ በዓመቱ ውስጥ ሥራ የሚፈታበት ጊዜ የታወቀ ነው። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን የክርስቲያን ሠርግ የለም፤ ፎቶ ቤቱ በጉርድ ፎቶ ይውላል፣ ውዱ ካሜራ ከነቦርሳው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ያ ወራት ደረቅ ነው፤ ወረቀቱ አልረጠበም፣ መንገዱም አልጨቀየም። ማለዳ ከሁለት ሰዓት በፊት ሙቀቱ ገና ነው፣ አቧራውም አልተነሣም። በመጠለያው የአንድ ቤተሰብ ወረቀትና አልበም በአንድ ማለዳ ያልቃል። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ይጀምራል፤ ከሠርጉ በኋላ ዝናቡ ይገባል።